ፓኔል ያለ ውኃ ማጽዳት፦ ዱብቲ አካባቢ ላለ የሶላር ፖምፕ

ባለጉድጓዱ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁም። አፋር ክልል፣ ዱብቲ አካባቢ ለሰውም ለከብትም ውኃ የሚያወጣ በሶላር የሚሠራ ፖምፕ አለ። ፓኔሎቹ 36 ናቸው፤ እያንዳንዳቸው 330 ዋት፣ 72 ሙሉ ሴል ያላቸው ፖሊ። አሥራ ስምንት አሥራ ስምንት ሆነው በሁለት ስትሪንግ (በተከታታይ በተያያዘ መስመር) ወደ ኢንቨርተሩ፣ የፓኔሉን ዲሲ ለሞተሩ ኤሲ ወደሚያደርገው ዕቃ፣ ይገባሉ። ፖምፑ 7.5 ኪሎዋት፣ ሦስት ፌዝ ነው። ከጉድጓዱ እስከ ታንከሩ 80 ሜትር ገደማ ወደ ላይ ይገፋል። ፓኔሎቹ በቁም (ረዥሙ ጎናቸው ከላይ ወደ ታች) ሆነው፣ አንዱ ረድፍ ከሌላው በላይ ሆኖ፣ ወደ ደቡብ 10 ዲግሪ ብቻ ያዘነብላሉ። በምሥራቅ በኩል 60 ሜትር ላይ የገረጋንቲ መንገድ አለ፤ ከባድ መኪና አይጠፋበትም።

እስካሁን የሚታጠቡት በዚያው በጉድጓዱ ውኃ ነው። በአንድ ጊዜ ሦስት ጀሪካን ይሄዳል። ውኃው ጨዋማ ስለሆነ ሲደርቅ ነጭ ነገር ይተዋል፤ ያ ነጭ ነገር ደግሞ እየወፈረ መጥቷል። ከብት ውኃ ወረፋ ይዞ ፓኔል ማጠብም ሰዉን ያስቆጣል።

ጥያቄዎቼ፦ በደረቁ ማጽዳት መስታወቱን ሳይቧጭር ይቻላል ወይ? በምን ዕቃና በየስንት ቀኑ? ነጋዴዎች የሚያመጡት ሮቦትና «ናኖ» የሚባል ቅባት ለዚህ መጠን ዋጋ አለው? ሌላም ነገር፤ ኢንቨርተሩ ቀትር ላይ 50 ሄርዝ (የፖምፑን ሙሉ ፍጥነት) ስለሚያሳይ አቧራው አይጎዳም የሚሉ አሉ። ታንከሩ ግን እንደ በፊቱ አይሞላም።

አምፔር

ከመጨረሻው ልጀምር፤ ሌላው ሁሉ በእሱ ላይ ነው የሚቆመው።

የቀትሩን 50 ሄርዝ አትመኑት። 36 ፓኔል በወረቀት 11.9 ኪሎዋት ነው። እናንተ ዘንድ ቀትር ላይ ሴሉ 65 ዲግሪ ሲደርስ ሙቀቱ ብቻ 15 በመቶ ገደማ ይወስዳል፤ ስለዚህ ንጹሕ ቢሆን እንኳ የምታገኙት 10 ኪሎዋት አካባቢ ነው። ፖምፑ ከነብክነቱ 8.5 እስከ 9 ይፈልጋል። ልዩነቷ ለቀትር የተተወች ትርፍ ናት። አቧራው መጀመሪያ የሚበላው ይህችን ትርፍ ስለሆነ ስክሪኑ ላይ ምንም አይታይም። ጉዳቱ ያለው ጠዋትና ከሰዓት ነው።

የፖምፕ ኃይል በግምት ከፍሪኩዌንሲው ሦስተኛ ርቢ ጋር ይሄዳል፤ የሚሰጠው ግፊት ደግሞ ከሁለተኛ ርቢው ጋር። ፖምፑ በ50 ሄርዝ ቧንቧው ተዘግቶ የሚሰጠው ከፍተኛ ግፊት 110 ሜትር ነው ብንል፣ 80 ሜትር ለመድረስ ቢያንስ 43 ሄርዝ ያስፈልገዋል። ከዚያ በታች ሞተሩ ይሽከረከራል፣ ድምፁ ይሰማል፣ ኤሌክትሪክ ይበላል፣ ጠብታ ግን አይወጣም። አቧራ ኃይሉን 15 በመቶ ሲቀንሰው ጠዋት 43 ሄርዝ የሚደርስበት ሰዓት ይዘገያል፣ ከሰዓት ደግሞ ቀድሞ ይወድቃል። የታንከራችሁ ጉድለት የተቀመጠው እዚህ ነው። የራሳችሁን ፖምፕ ትክክለኛ ቁጥር ከአምራቹ የግፊት ሠንጠረዥ ላይ አንብቡ፤ 110 ያልኩት ለማስላት ያህል ነው።

አቧራው ምን ያህል እንደሚወስድ ለማወቅ ምንም ነገር መንቀል አያስፈልግም። ዲሲ የሚለካ ክላምፕ ሜትር፣ ሽቦውን አቅፎ አምፔር የሚያነብ፣ ብቻ ይኑራችሁ (ብዙዎቹ ርካሽ ክላምፖች ኤሲ ብቻ ስለሚለኩ ስትገዙ እዩ)። አንዱን ስትሪንግ፣ አሥራ ስምንቱንም ፓኔል፣ አጽዱ፤ ሌላውን እንዳለ ተዉት። በማግስቱ ሰማዩ ጥርት ሲል፣ ጠዋት 3 ሰዓት ገደማ፣ ፍሪኩዌንሲው 50 ሳይደርስ የሁለቱንም ፖዘቲቭ ሽቦ አንድ በአንድ ለኩ። ሁለቱ በአንድ ቮልቴጅ ላይ ስለሚሠሩ የአምፔራቸው ልዩነት በቀጥታ የአቧራው ልዩነት ነው። ንጹሑ 6 አምፔር፣ ቆሻሻው 5.1 ካሳየ 15 በመቶ እየከሰራችሁ ነው። ኢንቨርተሩ 50 ሄርዝ ላይ ከቆመ በኋላ ከለካችሁ ግን ኃይሉን ራሱ እየገደበ ስለሆነ ቁጥሩ ያታልላል። ለጥንቃቄ ሁለቱም ስትሪንግ ንጹሕ ሲሆኑ አንድ ጊዜ ለክታችሁ ጻፉ፤ ከመጀመሪያውም 2 በመቶ የሚለያዩ ከሆነ እሱን ትቀንሱታላችሁ።

የኤምሲፎር ሶኬት (የፓኔሎቹን ሽቦ የሚያገናኘውን) እየሠራ አትንቀሉ። 18 ፓኔል ክፍት ቮልቴጁ 830 ቮልት አካባቢ ነው፤ የዲሲ ብልጭታ ደግሞ ከተነሣ በራሱ አይጠፋም።

ደረቅ ብሩሽ

በደረቁ ይጸዳል። ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው፤ አቧራው ገና አቧራ ሳለ መድረስ አለባችሁ።

ቀን የወረደው አቧራ ልል ነው። ሌሊት መስታወቱ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ስለሚለቅ ከአየሩ ይበልጥ ይቀዘቅዛል፤ ጤዛ ይይዛል። ዱብቲ ደግሞ የአዋሽ መስኖ ያለበት ስለሆነ እርጥበቱ ከሌላው በረሃ ይበዛል፤ አፈሩም ጨው ያለበት ነው። ጨው ጤዛ ሳይወርድም ከአየር እርጥበት ይስባል። አቧራው ሲርስ ጨውና ኖራው ይሟሟል፤ ጠዋት ፀሐይ ሲመታው ጨውና ኖራው ይረጋና ደቃቁን አቧራ ከመስታወቱ ጋር ያጣብቀዋል። ይህ ሌሊት በሌሊት ይደጋገማል። ሁለት ሳምንት የቆየ ፓኔል ላይ ብሩሽ ብታስኬዱ ከላይ ያለው ይነሣል፣ ከሥር ግራጫ ሽፋን ይቀራል። ያን ለማስለቀቅ ሰው ብሩሹን ይጫናል፤ መስታወት የሚቧጨረውም ያኔ ነው። በአቧራው ውስጥ ያለው ኳርትዝ ከመስታወት ይጠነክራል።

ስለዚህ ሰዓቱ ማታ ነው፤ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል እስከ ምሽት 12 ሰዓት ተኩል፣ ነፋሱ ከበረደ በኋላ፣ ጤዛ ከመውረዱ በፊት። ጠዋት በጨለማ ቀዝቃዛ ነው ብሎ መጥረግ ትልቁ ስሕተት ነው፤ ጤዛ ላይ ደረቅ ብሩሽ ጭቃ ይለስናል እንጂ አያጸዳም። ከመጀመራችሁ በፊት የፓኔሉን ታችኛ ጠርዝ በጣት ነካ አድርጉ፤ ጣት ላይ ዱቄት ከሆነ ጀምሩ፣ ከተለሰነ ተዉት።

ዕቃው ውድ አይደለም። አንደኛ፣ ፀጉሩ ከ6 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም፣ ጫፉ የተሰነጣጠቀ ለስላሳ ናይለን ብሩሽ፣ ወርዱ ግማሽ ሜትር የሚሆን፤ ለመኪና ማጠቢያ የሚሸጠው ዓይነት፣ ግን አዲስና ደረቅ። ሁለተኛ፣ ጠፍጣፋ የማይክሮፋይበር ሞፕ ከአራት ተቀያሪ ጨርቅ ጋር። ሦስተኛ፣ 3 ሜትር ተኩል ያህል የሚረዝም የደረቀ እንጨት ወይም ፋይበርግላስ እጀታ። የቀለም ሮለር ማስረዘሚያ የሚባለው ብዙውን ጊዜ አሉሚኒየም ነው፤ አይሁን። የቤት መጥረጊያ፣ የብረት ሱፍ፣ ጆንያ፣ በናፍጣ የራሰ ጨርቅ አይነካው። ናፍጣ ለጊዜው ያብለጨልጫል፤ በማግስቱ አቧራውን እንደ ሙጫ ይይዛል።

አሠራሩ፦ የዲሲ ማጥፊያውን አጥፉ። ይህ ፖምፑን ያቆማል እንጂ ፓኔሎቹን ሙት አያደርጋቸውም፤ ፀሐይ እስካለ ድረስ ቮልቴጁ አለ። የተሰነጠቀ መስታወት፣ የቀለጠ ሶኬት፣ የተላጠ ሽቦ ካለ ያ ፓኔል ሳይነካ ይቆይ። ከላይኛው ረድፍ፣ ነፋሱ ከሚመጣበት ጫፍ ጀምሩ። መጀመሪያ በብሩሹ፣ በራሱ ክብደት ብቻ፣ ከላይ ወደ ታች አንድ ጊዜ ሳቡ። ወደ ላይ መልሳችሁ አትግፉ፤ አንሡትና ከላይ እንደገና። እያንዳንዱ ስቦሽ በፊተኛው ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ይደረብ። ይህ ሻካራውን አሸዋ ያወርዳል። ከዚያ በኋላ ነው ማይክሮፋይበሩ ደቃቁን የሚያነሣው። ሞፑን አስቀድሞ ማስኬድ አሸዋውን ጨርቁ ሥር ይዞ መጎተት ስለሆነ ቅደም ተከተሉን አትገልብጡት። በየአምስት ፓኔሉ ሞፑን ከነፋሱ በታች ሆናችሁ አራግፉ፣ በየዘጠኙ ጨርቁን ቀይሩ። አራቱ ጨርቆች በኋላ በአንድ ባልዲ ውኃ ይታጠባሉ፤ ፈጽሞ ሳይደርቁ አይመለሱም።

የታችኛውን ጠርዝ ለይታችሁ ያዙት። ፍሬሙ ከመስታወቱ አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ከፍ ስለሚል አቧራው እዚያ ይከማቻል። ፓኔላችሁ በቁም የቆመ ሙሉ ሴል ነው፤ የታችኛዎቹ ስድስት ሴሎች ሁለት ሁለት ሆነው ለሦስቱም ንዑስ ስትሪንግ ይከፋፈላሉ። ሴሉ 15.6 ሴንቲ ሜትር ነው፤ 3 ሴንቲ ሜትሩ በወፍራም አቧራ ከተሸፈነ ከሴሉ 19 በመቶ ጠፋ ማለት ነው፣ ያም የፓኔሉን ሙሉ ጅረት ይጎትታል። ሌላው መስታወት ቢያበራም አያድነውም። በአግድም ቢተኛ ኖሮ አንድ ሦስተኛው ብቻ ነበር የሚጎዳው። ለጠርዙ የ5 ሴንቲ ሜትር የቀለም ብሩሽ ይበቃል።

ሁለት ሰው 36ቱን ከአንድ ሰዓት በታች ይጨርሳል። የአቧራ ጭምብልና መነጽር ይልበሱ። ፓኔል ላይ መውጣት፣ በጉልበት መደገፍም ቢሆን፣ የለም፤ ሴሉ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ያወጣል።

በየስንት ቀኑ ለሚለው የአምፔርን መለኪያ ተጠቀሙና ልዩነቱ 5 በመቶ ሲደርስ ጥረጉ። ለመነሻ ያህል በሀጋይ፣ በግንቦትና ሰኔ ነፋስ፣ በየሦስት ቀኑ፤ በሌላው ደረቅ ጊዜ በሳምንት አንዴ። የአቧራ ማዕበል ካለፈ በዚያው ማታ። በካርማ (በክረምቱ) ዝናቡ ጠንከር ካለ ለሱ ተዉለት። ሰዓት ካጠረ መንገዱ ጋር ያሉትን ምሥራቃዊ ፓኔሎች ብቻ ጥረጉ፤ በተከታታይ የተያያዘ ስትሪንግ የሚጎተተው በቆሸሸው ነው።

ከቤርሼባ

ስለ ሮቦቱ እኔ ልበል፤ እዚህ እስራኤል በረሃ ውስጥ የሚታይ ነገር ስለሆነ። አራቫ ያለው የኬቱራ ኪቡትስ የፀሐይ ማመንጫ በ2014 (እ.ኤ.አ.) ኤኮፒያ በሚባል ድርጅት ሮቦቶች ያለ ውኃ መጽዳት ጀመረ። ወደ መቶ የሚጠጉ ሮቦቶች ነበሩ። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በረድፉ ላይ ይሄዳሉ፣ የሚሽከረከር ማይክሮፋይበር አላቸው፣ እሱ የሚፈጥረው አየር አቧራውን ከላይ ወደ ታች ይገፋዋል። ሳዑዲ ውስጥም ከካውስት ዩኒቨርሲቲ ኖማድ የሚባል ያለ ውኃ የሚሠራ ሮቦት ወጥቷል።

የእነዚህ ሁሉ ሚስጥር «ደረቅ ብሩሽ» በጻፈው ላይ ነው፤ በየሌሊቱ ስለሚሄዱ አቧራው እንዲጣበቅ ጊዜ አይሰጡትም፣ ስለዚህ መጫን አያስፈልጋቸውም። ማሽኑን ሳትገዙ ልማዱን መውሰድ ትችላላችሁ።

ለ36 ፓኔል ሮቦት አልመክርም። የሮቦት ዋጋ የሚመለሰው ረድፉ ረዥም ሲሆን ነው፤ የእናንተ ረድፍ 18 ሜትር ነው። ፓኔሎቹ መካከል ከፍና ዝቅ ካለ ይሰናከላል፣ ባትሪው በሙቀት ይደክማል፣ ብሩሹ ሲያልቅ መለዋወጫው ዱብቲ አይገኝም። በረድፉ መካከል ባትሪው አልቆ ጠዋት የቆመ ሮቦት ደግሞ ጥላው ከአቧራው የባሰ ነው።

አንድ የማልስማማበት ነገር ግን አለ። «ለስላሳ ናይለን» ማለት ብቻ አይበቃም። የፓኔል መስታወት ላይ ብዙ ጊዜ ነጸብራቅ የሚቀንስ ስስ ሽፋን አለ፤ ውፍረቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር አሥር ሺህኛ እጅ አካባቢ። የሚጨምረው ከ2 እስከ 3 በመቶ ብርሃን ነው። ደረቅ ብሩሽ በዓመታት ይህን ያሳሳል። አንዳንድ አምራቾች በመመሪያቸው ደረቅ ብሩሽን ይከለክላሉ፤ ዋስትናው ገና ካላለቀ የእናንተን ወረቀት አንብቡ።

ደረቅ ብሩሽ

ወረቀቱን ማንበብ ተገቢ ነው። ሂሳቡ ግን ግልጽ ነው፤ ሽፋኑ ሙሉ በሙሉ ቢያልቅ 3 በመቶ፣ ያውም በብዙ ዓመት። አቧራው በሁለት ሳምንት 15 ሊወስድ ይችላል። ጨዋማው ውኃ የሚተወው ልባስም ሽፋኑን አያተርፍለትም። የብሩሹን ጠባይ ለመሞከር የተሰበረ ፓኔል ወይም ቁራጭ መስታወት ላይ የአካባቢውን አቧራ በትናችሁ ሃምሳ ጊዜ ሳቡት፣ ከዚያ ጥረጉና ወደ ፀሐይ አዘንብላችሁ እዩት። ጭረት ካለ ያ ብሩሽ ለወለል ነው።

ብረት ሠራተኛ

ሁላችሁም ስለ መጥረግ ነው የምታወሩት፤ እኔ አቧራው እንዳይቀመጥ ስለማድረግ ልጨምር። 10 ዲግሪ በጣም ጠፍጣፋ ነው። አንድ ጊዜ የተሠራ ብረት ይቀየር ማለት ከባድ ቢመስልም የኋላ እግሮቹን ማስረዘም ብቻ ነው።

ዱብቲ በኬክሮስ 12 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። በታኅሣሥ ቀትር ፀሐይ ከራስ በላይ ካለው ነጥብ 35 ዲግሪ ወደ ደቡብ ትወርዳለች። በ10 ዲግሪ ያዘነበለ ፓኔል ያኔ ከቀጥተኛው ብርሃን 90 በመቶ ይይዛል፤ በ20 ዲግሪ ያለው 96.6 ይይዛል። በሰኔ ይገለበጣል፤ ፀሐይ ወደ ሰሜን 11 ዲግሪ ተኩል ስለምትሄድ 10 ዲግሪው 93፣ 20 ዲግሪው 85 ይይዛል። በዓመት ሲታይ ብዙ አይለያዩም። ግን 20 ዲግሪ ላይ የሚቀመጠው አቧራ ይቀንሳል፣ ብሩሽም ይቀለዋል፣ ጠርዝ ላይ የሚጠራቀመውም ይቀንሳል።

ሰኔ ላይ ውኃ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልግ ከሆነ ግን የሚነቀል ፒን ሠርታችሁ ሁለት ቦታ እንዲቆም አድርጉ፤ ከመስከረም እስከ መጋቢት በ20 ዲግሪ፣ ሌላውን ጊዜ በ10 ዲግሪ። ሁለት ረድፍ ላይና ታች ስለሆነ ርዝመቱ 4 ሜትር ይጠጋል፤ ከ10 ወደ 20 ሲነሣ የኋላው ጫፍ 65 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። የነፋስ ጫናው አብሮ ስለሚጨምር ሰያፍ ማሰሪያ ሳይበየድ እንዳይነሣ፤ መሠረቱም በኮንክሪት የታሰረ መሆኑን እዩ።

መንገዱን በተመለከተ፣ ገረጋንቲ ደቃቁ ስለሚበዛ ነው የሚቦነው። ከፓኔሉ ፊት ለፊት ባለው መቶ ሜትር ላይ ደቃቅ የሌለው ሻካራ ጠጠር ማልበስና ፍጥነት መቀነሻ ጉብታ መሥራት ብሩሹ ከሚሠራው ሥራ ግማሹን ሊያስቀር ይችላል። ጉብታውን ግን ከፓኔሉ አርቁት፤ መኪና ፍሬን ይዞ እንደገና የሚነሣበት ቦታ አቧራው የባሰ ነው። ዛፍ መትከል ጥሩ ነው የሚል ሰው ጥላውን አይርሳ፤ በምሥራቅ የቆመ 5 ሜትር ዛፍ ጠዋት ጥላው ከ15 ሜትር በላይ ይሄዳል።

ባለጉድጓዱ (ጠያቂ)

እጅግ አመሰግናለሁ፤ ብዙ ነገር ነው። የቀሩኝ ሦስት ነገሮች ናቸው። አሁን ያለውን ነጭ ልባስ በምን እናስለቅቀው? የወፍ ኩስስ? ደግሞ በባትሪ የሚሠራ ቅጠል መንፊያ አለ፣ በእሱ መንፋት አይሻልም ወይ? ስለ ናኖ ቅባቱም ማንም አልመለሰልኝም።

ደረቅ ብሩሽ

መንፊያው ረዳት ነው። አሸዋውንና የጠርዙን ክምር ያነሣል፤ ለመጀመሪያው ስቦሽ በብሩሹ ፋንታ ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ፣ መስታወቱን ስለማይነካም ደግ ነው። ደቃቁን ግን አያነሣም። ከአንድ ሚሊ ሜትር መቶኛ እጅ በታች የሆነ ብናኝ መስታወቱን የሚይዝበት ኃይል ከነፋሱ ግፊት ይበልጣል፤ ለዚህ ነው በረሃ ውስጥ ቀኑን ሙሉ እየነፈሰም ፓኔል የሚቆሽሸው። የጎማ መንፊያ ኮምፕሬሰር ግን አይሆንም፤ ዘይትና ውኃ ይተፋል።

ነጩ ልባስ በደረቁ አይለቅም፤ አንድ ጊዜ ጥቂት ውኃ ይፈልጋል። ግን ጀሪካን አይደለም። ገሚሱ ጨው ነው፣ ገሚሱ ኖራ። አቼቶና የባትሪ ውኃ እኩል ለእኩል ቀላቅላችሁ በመርጫ ጠርሙስ አድርጉ። ለአንድ ፓኔል 100 ሚሊ ሊትር ይበቃል፤ ለ36ቱ 4 ሊትር አይሞላም። የባትሪ ውኃና የባትሪ አሲድ በተመሳሳይ ዕቃ ስለሚሸጡ መለያውን ሁለት ጊዜ አንብቡ፤ አሲዱ ፍሬሙንም እጃችሁንም ይበላል። ማታ መስታወቱ ሲቀዘቅዝ፣ ዲሲው ጠፍቶ፣ መጀመሪያ በደረቁ ጠርጋችሁ፣ በግማሽ ፓኔል ላይ ርጩ። ሁለት ሦስት ደቂቃ ቆዩና በማይክሮፋይበር ጥረጉት። ከዚያ በባትሪ ውኃ ብቻ በራሰ ሌላ ጨርቅ አንድ ጊዜ አልፉበት፤ አቼቶው አሉሚኒየሙ ላይ ማደር የለበትም። ሁለት ጊዜ ሞክራችሁ ያልለቀቀ ነጭ ነገር ካለ አትፋቁት፤ አቼቶ የማያሟሟው ልባስ ነው። ምን ያህል እንደሚወስድ በክላምፑ ለክታችሁ ተዉት። ከዚያ በኋላ ግን የጉድጓዱን ውኃ አታስጠጉት። በካርማ ከጣሪያ የሚወርደውን የዝናብ ውኃ 100 ሊትር ያህል በተከደነ በርሜል ብታስቀምጡ የዓመት ፍጆታችሁ ነው።

ኩስም እንደዚሁ። በብሩሽ ብትገፉት ትለቀልቁታላችሁ፤ ከተዋችሁት ደግሞ ያ አንድ ሴል ይግላል፣ ከጊዜ በኋላ ይቃጠላል። የራሰ ጨርቅ ቁራጭ ላዩ ላይ አድርጋችሁ አምስት ደቂቃ ይለስልስ፣ ከዚያ በጣት ጥረጉት። ወፎቹ የሚቆሙበት የላይኛው ጠርዝ ስለሆነ እዚያ ከፍሬሙ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ የተወጠረ ናይለን ክር ችግሩን በጣም ይቀንሰዋል፤ ክሩ ጥላ የሚጥል ወፍራም አይሁን።

አምፔር

ናኖውን እኔ ልመልስ። ገበያ ላይ የሚዞሩት አብዛኞቹ ውኃ የሚገፉ ናቸው፤ ጠብታው ሲንከባለል አቧራውን ይዞ እንዲወርድ ነው የታሰቡት። ለእናንተ የጎደለው ጠብታው ነው። ዝናብ በሌለበት ወር የሚያስገኙት ጥቅም ትንሽ ነው፣ ፀሐይና ብሩሽም ቶሎ ያነሧቸዋል። ነጋዴው ካልለቀቃችሁ አንዱን ስትሪንግ በራሱ ወጪ ይቀባና ለሦስት ወር ሁለቱንም በክላምፕ ለኩለት።

በኤሌክትሪክ አቧራን የሚያባርር ነገርም በኢንተርኔት ታያላችሁ። በ2022 (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካው ኤምአይቲ ተመራማሪዎች ፓኔሉን ሳይነካ ከላዩ የሚያልፍ ኤሌክትሮድ አቧራውን ቻርጅ አድርጎ እንደሚያስለቅቀው በሙከራ አሳይተዋል። የሚገርመው የአየሩ እርጥበት ከ30 በመቶ በላይ እንዲሆን መፈለጉ ነው፤ አሸዋው ቻርጅ የሚይዘው ላዩ ላይ ባለችው ስስ እርጥበት ነው። ሐሳቡ ያምራል፣ ለ36 ፓኔል የሚታዘዝ ዕቃ ግን አይደለም።

በምትኩ አንድ ነጻ ነገር፦ ፓኔሉን በምትጠርጉበት ማታ የኢንቨርተሩን ማራገቢያና የማቀዝቀዣ ክንፎች እዩ። ዲሲው ጠፍቶ ውስጡ ያለው ቻርጅ እስኪወርድ አሥር ደቂቃ ጠብቁ፣ ከውጭ በኩል በቀለም ብሩሽ አራግፉት፤ መንፊያውም እዚህ ላይ ጥሩ ነው። ክንፉ በአቧራ ከተደፈነ ኢንቨርተሩ ሲግል ኃይሉን ራሱ ይቀንሳል። ስክሪኑ ላይ የሚታየው ውጤት ከፓኔል አቧራ ጋር አንድ ዓይነት ስለሆነ ሰው ፓኔሉን ደጋግሞ እየጠረገ ለምን እንዳልተሻለው ግራ ይገባዋል። መለያው ሰዓቱ ነው፤ አቧራ ጠዋትም ከሰዓትም ይጎዳል፣ የተደፈነ ክንፍ ግን ጠዋት ጤነኛ ሆኖ ከ7 ሰዓት በኋላ ፍሪኩዌንሲው ሲወርድ ይታያል።